አንድ እምቢልታ የጎደለበት ዜማ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ ሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪናውን አቆመና እዚያው ቀረ። እኔም ያደግኩት በዚያች ሱቅ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል ነው። ጥሩ ድምፅ እንዳለኝ መጀመሪያ ያወቀው እሱ ነበር፤ በድምፄ መጀመሪያ ያዘነውም እሱ። ሰንበት ትምህርት ቤት ስዘምር ቆሞ ይሰማኝ የነበረ ሰው፣ አስተማሪ ሆኜ ከከተማው የኪነት ቡድን ጋር መድረክ ላይ ስወጣ አኮረፈኝ።

«ለዘፋኝነት ነው ያስተማርኩሽ?» አለኝ አንድ ቀን፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ።

«ማስተማሩን አልተውኩም እኮ አባዬ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለና መኪናውን በእግሩ መምታት ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳውም፤ ይቅር እንዳላለኝ ግን ከዝምታው አውቅ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የኪነት ቡድናችን በበዓል ቀን በቤንችኛ፣ በካፍኛና በአማርኛ ተራ በተራ ይዘፍናል፤ አንዱ ሲዘፍን ሌላው ያጨበጭባል። አብሮ መዝፈን የሚባል ነገር አልነበረም። ታዲያ አንድ ቀን የባህል ኃላፊው አስጠርቶኝ «እንግሊዝኛ ትችያለሽ አይደል?» አለኝ። እችላለሁ የሚያሰኝ እንግሊዝኛ አልነበረኝም፤ ከሌሎቹ ትሻላለች ተብሎ ነው። ደን ለመጠበቅ የሚሠራ አንድ የውጭ ማኅበር ሙዚቀኛ ልኳል፤ ከአካባቢው ተጫዋቾች ጋር ሆና ስለ ሰላምና ስለ ደን አንድ ዘፈን መሥራት ትፈልጋለች፤ እኔ ላስተርጉምላት፣ ካስፈለገም ልዘፍን።

ሴትዮዋ የመጣችው በክረምት መግቢያ ነበር። ረጅም፣ ሽበቷን እንደ ወንድ በአጭሩ የተቆረጠች፣ ብዙ የማትስቅ ሰው ናት። ቼሎ የሚባለውን፣ ቢያቆሙት ከሰው ደረት የሚደርስ ትልቅ ቫዮሊን በጥቁር ሣጥን ይዛ ከመኪና ስትወርድ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሙዝ የሚሸጡት ሴቶች ብድግ አሉ። አንዷ ተጠግታኝ «ማን ሞቶባት ነው?» አለች በሹክሹክታ። ሣጥኑ ውስጥ ሬሳ ያለ መስሏት ነው። የሙዚቃ ዕቃ መሆኑን ከነገርኳትም በኋላ ማተቧን ከእጇ አልለቀቀችም።

የምንፈልጋቸው ተጫዋቾች የሚኖሩት ከቴፒ አልፎ ጫካው ውስጥ ነው። ፒክ አፑ ጭቃ ውስጥ ተይዞ እስኪቆም በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ሣጥኑን ሁለት ጎረምሶች በሸክም ያዙት። ጫካው ከላይ የተዘጋ ነበር፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ከቅጠል ቅጠል ማንጠባጠቡን አይተውም። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። ፈረንጇ በየጥቂቱ እየቆመች ወደ ላይ ታያለች። እኔ እዚያው አገር ተወልጄ እንደዚያ ወደ ላይ አይቼ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የተጫዋቾቹ መሪ ከቤቱ ወጥቶ ተቀበለን። ሃምሳ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ድምፁ ወፍራም ሰው ነበር። የሚኖረው በጎደሬ ማሳውና ከጫካው ሥር ባለች ቡናው ነው። አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔን እስከ መጨረሻው «አንተ» እያለ ነው የጠራኝ።

«አስተማሪው አንተ ነህ?» አለኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ። «ግባ፣ ግባ፤ ዝናብ መታህ።»

የሚጫወቱበት ዕቃ ከቀርከሃ የተቆረጠ፣ የጣት ቀዳዳ የሌለው፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ የሚነፋ ነው። በቋንቋቸው ሌላ ስም አለው፤ እኛ ከተሜዎቹ እምቢልታ እንለዋለን። እያንዳንዱ እምቢልታ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው ክብ ሠርተው ቆመው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ሲነፉ ነው። ፈረንጇ ይህን አላወቀችም ነበርና «ዜማውን ብቻውን ይጫወትልኝ፣ በጽሑፍ ላስቀምጠው» አለችኝ። ስነግረው ሳቀ።

«ብቻዬን?» አለና ከሁሉም የሚረዝመውን የራሱን እምቢልታ አንሥቶ አንድ ጊዜ ነፋ። እንደ በሬ ግሣት ያለ ድምፅ ወጣ። «ይኸው። የኔ ይሄ ነው። ሌላው የሰው ነው።»

ከዚያ ከአጠገቡ የተቀመጠውን ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገው። አማቹ ነው፤ የእህቱ ባል። ከወንዙ ማዶ ካሉት፣ ቋንቋቸው ከሚለይ ሕዝቦች ወገን ነው። ንብ ያነባል፤ ቀፎዎቹን በረጃጅም የዋንዛ ዛፎች ላይ ይሰቅላል። ትዳሩ እዚህ ስለሆነ ቤቱን የሠራው በአማቶቹ መንደር ነው። የሱ እምቢልታ ከሁሉም ትንሿ ናት፤ የወፍ ድምፅ አላት፤ ዜማው ዙሩን ጨርሶ የሚዘጋው በሷ ነው። አማቹ ሲነፋት ጉንጩ እንደ ሕፃን ጉንጭ ይነፋና እኛን ሁሉ ያስቀን ነበር።

ቼሎውና እምቢልታዎቹ አልስማማ አሉ። የሷ ድምፆች በአገሯ ሥርዓት የተቃኙ ናቸው፤ የእነሱ ደግሞ ቀርከሃው ሲቆረጥ የወጣው ነው። እነሱ አንዳንዱን እምቢልታ በትንሹ ከርክመው ሞከሩ፤ እሷ ክሮቿን አላልታ ሞከረች። መልሳ ስታጠብቀው አንዱ ክር ተበጠሰና ጉንጯን ገረፋት፤ ደም ወጣ። እንባዋ መጣ፤ ከሕመሙ ይሁን ከድካሙ አላወቅኩም። አማቹ ወጥቶ ማር በቅጠል ይዞ ተመለሰና ቁስሏን ቀባላት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀለለ። ፍጹም ባይስማማም የሚደመጥ ነገር አገኙ፤ ቼሎው የመሪውን ረጅም ድምፅ ከሥር እየደገፈ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ከላይ ይቀባበሉበታል።

ግጥሙን ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ሠራነው። መሪው በቋንቋው ስለ ጫካው አንድ ስንኝ አወጣ፤ አማቹ በራሱ ቋንቋ ስለ ወንዙ መለሰለት፤ ከኪነት ቡድናችን አብሮን የመጣው ከበሮ መቺ በቤንችኛ ጨመረበት። የአማርኛው የኔ ድርሻ ነበር፦

ጥላው ሲሄድ ቡናው ይሄዳል፣
ጎረቤት ሲሄድ ጥላው ለማን ይሆናል።

መሪው ፍቺውን በቀላል አማርኛ እንድነግረው ጠይቆኝ ሰማና «እውነት ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ግጥም አላወራንም፤ የተቀቀለ ጎደሬ በማር በላን። የመሪው እህት ልጇን አዝላ ትገባና ትወጣ ነበር፤ ወንድሟንና ባሏን እያየች የምትስቀው ሳቅ አሁንም ይታየኛል።

በዚያ ዓመት ዘፈኑን ይዘን ዞርን። ሸዋ ቤንች በገበያ ቀን ተጫወትን፤ ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች ሳያወርዱ ቆመው ሰሙን። ቴፒ ላይ ሜዳው ሞልቶ ወጣቶቹ ከፊት ለፊት ጨፈሩ፣ የሁለቱም ወገን ልጆች ተቃቅፈው። ሚዛን ላይ ስንጫወት ከመድረኩ ሆኜ አባቴን አየሁት። ከሰው ሁሉ ኋላ፣ የልብስ መለኪያውን ሜትር አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሟል። ማታ ቤት ስገባ ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እራት አቅርቤለት ሲበላ ቆየና «እምቢልታው ደህና ነው» አለኝ። «ልጅ ሆኜ በእኛም አገር ይነፋ ነበር። ሦስት ሆነው።» ስለ ድምፄ አላነሳም፤ ለኔ ግን በቂ ነበር።

ፈረንጇ ዘፈኑን ቀድታ ሄደች። ከጥቂት ወራት በኋላ ካሴቱ መጣ፤ በየሻይ ቤቱና በየአውቶቡሱ ይሰማ ጀመር። ተማሪዎቼ በዕረፍት ሰዓት የአማቹን የወፍ ድምፅ በአፋቸው እያስመሰሉ ይሯሯጡ ነበር።

በኋላ ቴፒና አካባቢው ታመሰ። ስለ መሬትና ስለ ወሰን ነው ተባለ። ማን እንደጀመረው የነገሩኝ ሰዎች ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የነገሩኝ፤ የሁለቱን ሕዝቦች ስም እዚህ የማልጠራውም ለዚህ ነው። መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ዕቃቸውን በአንሶላ የቋጠሩ ሰዎች መጡ፤ መናኸሪያው አጥር ሥር ተደርድረው ተቀምጠው ማንንም አያዩም። ስለ መሪውና ስለ አማቹ ብጠይቅ የሚያውቅ የለም።

ሁኔታው ረገብ ሲል የባህል ኃላፊው ጠራኝ። ቴፒ ላይ የእርቅ ጉባኤ ሊደረግ ነው። «ያንን ዘፈን ማቅረብ አለባችሁ። ለዚህ ቀን የተሠራ ነው የሚመስለው» አለኝ። በቅን ልቡ ነው ያለው።

በዚያው ሳምንት መሪው ራሱ ሚዛን መጣ። ከክፍል ስወጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል፤ ኮቱ ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰላምታውን ሳንጨርስ «የአማቼ ቤት ተቃጠለ» አለኝ።

«ሰዎቹስ?»

«ሰዎቹ ወጥተዋል። እህቴ ከባሏ ጋር ወንዙን ተሻግራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።» «ከእኔ ጋር ሂድ። ብቻዬን ብሄድ አይወጣልኝም። አንተ ከሁለታችንም አይደለህም፤ አንተን ካየ ይወጣል።»

ለጉባኤው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የጉባኤውን ነገር ሰምቷል፤ በአማቹ ቦታ ሌላ ሰው ይንፋ እንዳሉትም ነገረኝ። «ሰውማ አለ» አለ። «እሱ ግን እሱ አይደለም።»

አባቴ ይከለክለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «እዚያ ምን አለሽ?» አለ አንዴ። ከዚያ ተነሥቶ ከመደርደሪያው ላይ ያለቀለትን የሴት ቀሚስ፣ ሁለት ሱሪና የልጅ ልብስ አወረደና በጨርቅ ጠቀለለው። «ቤት የተቃጠለበት ሰው ልብስ አይኖረውም» አለኝ። የማን ልብስ እንደነበር፣ ለባለቤቶቹ ምን እንደሚላቸው አልጠየቅኩትም።

ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ በዚያው ከላይ በተዘጋው ጫካ የሚያልፍ መሆኑን መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ፀሐይ እስከ መሬት ይወርድበት ነበር። ከረብሻው በኋላ በሁለቱም በኩል ሰዎች ወሰኑ ላይ ያለውን ደን መመንጠር ጀምረዋል። ያልተመነጠረ መሬት ነገ የማን እንደሚባል ስለማይታወቅ፣ ሁሉም መጥረቢያውን ይዞ የራሴ ነው እያለ ገብቷል። ዋንዛዎቹ ተጋድመዋል። ከቅርንጫፎቻቸው የወደቁ ቀፎዎች ተሰነጣጥቀው ጉንዳን ወሯቸዋል። ጥላ ያጡት የቡና ዛፎች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኗል። እምቢልታ የሚቆርጡበት የቀርከሃ ቁጥቋጦም ተቃጥሎ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። መሪው በዚያ ሁሉ መሃል ሲሄድ አንድ የወደቀ ቀፎ አቅንቶ ግንድ ላይ አስደግፎት አለፈ።

አማቹ የሚኖረው በላስቲክ በተሸፈነች ጎጆ ውስጥ ነበር። እኔን ሲያይ ወጣ። የመሪውን እጅም ጨበጠ፤ ዓይኑን ግን አላየውም። እህትየው ከውስጥ መጥታ ጥቅሉን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ሳመችኝ። ወንድሟን አላየችውም፤ ተመልሳ ገባች።

በመሪው ቋንቋ ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ አማቹ ለእኔ ሲል በአማርኛ ተናገረ።

«አስተማሪ፣ ዘፈኑ ጥሩ ዘፈን ነው። እኔም እወደዋለሁ። ቤቴን ሊያቃጥሉ የመጡት ልጆች ግን ዘፈኑን ያውቁታል። ቴፒ ስንጫወት ከፊት ሆነው የጨፈሩ ናቸው። አንዱን በስሙ ጠራሁት።»

«ምን አለህ?»

«ምንም አላለኝም። እሳቱን ይዞ ነበር።»

መሪው «እኔ አልነበርኩም» አለ።

«እንዳልነበርክ አውቃለሁ» አለው አማቹ። «ሰምተህ ነበር ወይ ነው የኔ ጥያቄ።»

መሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ። «ጩኸቱን ሰምቻለሁ። የእህቴንም ድምፅ ለይቻለሁ። በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።»

እህትየው የተቀቀለ ጎደሬ ይዛ የወጣችው ያን ጊዜ ነው። ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለባሏ ሰጠች፤ ከዚያ ለወንድሟም ፊቱ ላይ አስቀመጠችለት። እሱ ጎደሬውን አንሥቶ በእጁ ይዞት ቆየ፤ መብላት አልቻለም፤ መልሶም ማስቀመጥ አልቻለም።

«እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እዘጋ ነበር ይሆናል» አለው አማቹ በመጨረሻ። ንዴት አልነበረበትም፤ እሱ ነው የከበደኝ። «ክፉ ሰው ነህ አልልህም። ከአንተ ጋር ክብ ሠርቼ ቆሜ ግን መንፋት አልችልም። እምቢልታዬም ከቤቴ ጋር ተቃጥላለች።»

«ሌላ እቆርጥልሃለሁ።»

«ከየት?» አለው።

በመመለሻው መንገድ ላይ መሪው ከፊቴ ፈጥኖ ይሄድ ነበር። ጎደሬው አሁንም በእጁ ነበር። የት እንዳደረገው አላየሁም፤ ወንዙን ስንሻገር ግን አልነበረም።

የእርቁ ቀን ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች መጡ፤ መሐላም ተደረገ፤ የሽማግሌዎቹን ልብ አልጠራጠርም፣ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ተጫዋቾቹ ስላልተሟሉ ካሴቱ በድምፅ ማጉያ እንዲከፈት፣ እኔ ደግሞ መድረክ ላይ ቆሜ የራሴን ስንኝ አብሬ እንድዘፍን ተወሰነ። መሪውን ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጡት።

ካሴቱ ተከፈተ። መጀመሪያ የቼሎው ድምፅ፣ ከዚያ የመሪው ረጅም እምቢልታ፣ ከዚያ ሌሎቹ እየተከታተሉ መጡ። መሪው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ዜማው ዙሩን ሊጨርስ ሲል ያቺ ትንሿ፣ የአማቹ፣ እንደ ድሮዋ ከሁሉም በላይ ጮኸች። መሪው ብድግ አለ። ሕዝቡ ሊጨፍር የተነሳ መሰለው፤ መንገድ ለቀቁለት፣ እልል ተባለለት፣ ጭብጨባው ደመቀ። እሱ በዚያ ጭብጨባ መሃል ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ ሄደ። ከመድረኩ ላይ ሆኜ አየዋለሁ፤ የኔ ስንኝ ደርሶ ነበርና ዘፈንኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። ስወርድ ኃላፊው እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ጨበጠኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ መሪው እምቢልታ አልነፋም። በተቻለኝ መጠን በየዕረፍቱ እጠይቀው ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሳል ያዘው፤ ሰፈሩ ውስጥ ወደተከፈተችው የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረ፤ ሁልጊዜ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጥ ነበር አሉኝ። እህቱ ልጅዋን ይዛ አንዳንዴ ትመጣለች፤ ባሏ ግን ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም። ለወጣቶቹ ለምን አታስተምራቸውም ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅኩት።

«አስተምሬያለሁ እኮ» አለኝ። «አንዳንዶቹ ያን ቀን እሳት ይዘው ነበር።»

ሞባይል ከመጣ በኋላ ፈረንጇ የስልክ ቁጥሬን ከሆነ ሰው አግኝታ ደወለችልኝ። አርጅታለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ዘፈኑን በአገሯ በብዙ ቦታ እንዳሰማችው፣ ሰው እየተነሳ እንዳጨበጨበ፣ ልጆች በትምህርት ቤት እንደሚዘፍኑት ነገረችኝ። ደስ ብሏት ነበርና ቶሎ መናገር አቃተኝ። በኋላ በዚያች በማትረባ እንግሊዝኛዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ያ ሰውዬ፣ ማር የቀባኝ፣ ደህና ነው?» አለች።

«በሕይወት አለ።»

«ጫካውስ?»

ወሰኑ ላይ የነበረው አብዛኛው አሁን ማሳ ነው አልኳት። ትንሽ ቡና ተተክሎበታል፣ ጥላ የሌለው፤ ብዙም አያፈራም። አመሰገነችኝና ዘጋች። ዳግመኛ አልደወለችም።

መሪው የሞተው ዝናቡ ሳያቋርጥ በቆየበት ወቅት ነው። ለቀብሩ ስደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች በትንሽ ኪቦርድ መዝሙር እየዘመሩ ነበር። ድሮ ቢሆን እንደሱ ያለ ሰው ሲሞት በእምቢልታ ነበር የሚሸኘው፤ ከድሮዎቹ ተጫዋቾች የተገኙት ግን ጥቂት ናቸው፣ እነሱም እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እህቱ በጭቃው ላይ ተንበርክካ በቋንቋዋ አለቀሰች። ያን ዕለት በር ዘግቶ የተቀመጠውን ወንድሟን ነው ወይስ በልጅነቱ አብሯት ያደገውን የምታለቅሰው፣ ማንም ሊለየው አይችልም።

ሕዝቡ ሲበተን ከመቃብሩ ራቅ ብሎ፣ መንገዱ ዳር፣ አንድ ሰው ላስቲክ ተከናንቦ ቆሞ አየሁ። አማቹ ነበር። ወንዙን ተሻግሯል። ሄጄ ሰላም አልኩት።

«አትጠጋም እንዴ?» አልኩት።

«ከዚህ ይታየኛል» አለኝ።

ሚስቱ ስትመጣለት ላስቲኩን ግማሹን አለበሳትና ተያይዘው ሄዱ።

ከለቅሶው በኋላ እህትየው ልጅዋን ሚዛን አምጥታ እኔ ዘንድ አኖረቻት፤ እነሱ መንደር ከስምንተኛ ክፍል በላይ ትምህርት አልነበረም። ያቺ ጀርባ ላይ ታዝላ የነበረችው ልጅ ናት። አባቴ ዩኒፎርሟን በእጁ ሰፋላት፤ ከሰፋቸው የመጨረሻ ልብሶች አንዱ ነው፤ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ኪሱ ጠሞ ነበር፣ እሷ ግን ሌላ ሰው እንዲያቃናው አልፈቀደችም። አሁን እኔው ዘንድ ሆና ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። አማርኛዋ ከኔ አማርኛ አይለይም። የእናቷንና የአባቷን ቋንቋ ትሰማለች፤ መልስ ለመስጠት ግን አማርኛ ይቀላታል። ቤት ስትሄድ ሁለቱም እንደሚያፍሩባት ነግራኛለች።

ባለፈው ሰሞን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ስለ አካባቢ ጥበቃ ዝግጅት ነበረና ተማሪዎቹ ዘፈን ይፈልጉ ነበር። «ድሮ አንቺ ትዘፍኚ ነበር አሉ፤ አጎቴም ይጫወት ነበር አሉ። እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው።»

«ዘፈኑን ታስታውሺዋለሽ?»

የራሴን ስንኝ አስታውሰዋለሁ። ልዘፍንላት አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱን መስመር በዜማው አልኩላት። ጥሩ ነው አለችኝ፤ ከዚያ ቀጣዩን እንድጨምር ጠበቀች። ቀጣዩ በእናቷ ቋንቋ ነበር፤ ከዚያ የሚቀጥለው በአባቷ። አላውቃቸውም፤ ያኔም በድምፅ ብቻ ነው የያዝኳቸው። ይህንኑ ነገርኳት። እናቷን እንድትጠይቅ ልመክራት አስቤ፣ እናቷ ያንን ዘፈን በቤቷ እንዳይነሳ እንደምትፈልግ ስለማውቅ ተውኩት።

«ግዴለም፣ ሌላ እንፈልጋለን» አለችና ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።